ሁለት ባልዲ

ይድረስ ለልጄ። እግርሽ የረገጠው ይለምልምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሳሉ ብቻ አልለቀቀኝም።

ስልኬ ላይ የጫንሽልኝ ጌም ሱስ ሆኖብኛል። ኳሶቹ የኬሚካል ስም ተጽፎባቸዋል፤ አልሜ አንዷን ኳስ በሌላዋ ስመታት ይዋሃዱና ውሃ ይሆናሉ፣ ጨው ይሆናሉ። ትናንት በረኪናዋን በአሲዷ ብመታት ስክሪኑ ቢጫ ጭስ ሞላው፤ «መርዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል» ይላል። ሃያ ዓመት የመሥሪያ ቤቱን ሽንት ቤት ሳጥብ፣ ቶሎ ያነጣል ብዬ ሁለቱን በአንድ ባልዲ ስቀላቅል ኖሬያለሁ። ለባልደረባዬም ያሳየኋት እኔ ነኝ። ብርድ ነው ስንላት በሳል ሞተች።

ላንቺም አሳይቼሻለሁ።

እዚያ የያዝሽው የቢሮ ሥራ ነው ብለሽኛል፤ እሺ ብያለሁ። ባለፈው ስትደውይ ግን ያቺን ሳል ሰማኋት፤ እኔ እሷን አልስትም። አምላክ ደረትሽን ይጠብቅልኝ። አደራ ልጄ፣ ሁለት ባልዲ ያዢ።

እናትሽ