የወተት ማቀዝቀዣችን ቱቦ በአረቄ ማውጫነት ስለመወሰዱ

ለጓድ ጉደታ ፈይሳ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
አሰላ
ግልባጭ፦ ለወተት ማኅበራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ

የካቲት 21 ቀን 1975 ዓ.ም.

እጅግ የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ በመልካም የምግብ ፍላጎትና በተረጋጋ እንቅልፍ ላይ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት የጥበቃ ጓዶች የማቀዝቀዣችንን ጠመዝማዛ የመዳብ ቱቦ «አረቄ ማውጫ ነው» ብለው ነቅለው ስለወሰዱልን ማኅበራችን ምስጋናውን ያቀርባል። በአረቄ ማውጫ ውስጥ ትኩስ እንፋሎት፣ በእኛ ቱቦ ውስጥ ግን ቀዝቃዛ ጋዝ እንደሚያልፍ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ሆኖም ሃያ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰውም ሊሳሳት እንደሚችል በትዕግሥት አስረድተውኛል። ከዚህ በታች ያሉትን ጥቃቅን ነጥቦች ግን እንዲመለከቱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1ኛ/ ቱቦው ተጠምዝዞ ሳለ በንብረት መዝገብ ላይ በሜትር ለማስፈር ስላስቸገረ፣ በመዶሻ ቀጥ እንዲል አዘዋል። አሁን አሥራ አራት ሜትር መሆኑን በትክክል አውቀናል። በሰባት ቦታ ታጥፎ መደፈኑ ግን በመዝገቡ አልሰፈረም።

2ኛ/ በምትኩ የአሉሚኒየም ቱቦ ሰጥተውናል። አሉሚኒየም የተከበረ ማዕድን ነው፤ ቀላል ነው፣ እንደ ብረት አይዝግም፣ አውሮፕላንም ይሠራበታል። ይሁን እንጂ ሙቀት የሚያስተላልፈው የመዳብን ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ላዩን የሸፈነው ስስ ቅርፊት ተራ ብየዳ አይቀበልም፤ እርጥበት ባለበት ከመዳብ ጋር ሲጋጠምም መጋጠሚያው ላይ ይበላል። በያጁ ቶላ ይህን አስቀድሞ ቢነግርዎ «ሁለቱም ብረት አይደሉም እንዴ? ምን ያጣላቸዋል?» ብለውታል፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ቱቦዎቹ ቃለ ጉባኤውን ስላላነበቡ ተጣልተዋል፤ ጋዙም በሦስተኛው ቀን ሾልኮ አልቋል።

3ኛ/ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በጾም የክርስቲያኑ ቤት ወተት ስለማይቀምስ ሁሉንም ወደ ማኅበሩ ያመጣል፤ ላሞቹ ግን አይጾሙም። ወተቱን የሚወስደው መኪና የሚመጣው በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ነው። አምስት ልጆቿን በሁለት ላሞች የምታሳድገው ወይዘሮ የሺሃረግ ትናንት የጎመዘዘ ወተቷን ደጄ ላይ ደፍታ «መምህር፣ እንግዲህ ልጆቼን ፊዚክስ ላብላቸው?» አለችኝ። ጥያቄውን ለክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።

ስለዚህ ከጾሙ በፊት በአሮጌው ልክ የሆነ አሥራ አራት ሜትር ለስላሳ የመዳብ ቱቦ፣ በመዶሻ ያልተመረመረ፣ እንዲተካልን እንጠይቃለን።

ለሳይንስ ላሳዩት ያልተጠበቀ ቅርበት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
ወልደአማኑኤል መርሻ
የማኅበሩ የቴክኒክ ኃላፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የማኅበራችን ሴቶች ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ ማቀዝቀዣ ያጣውን ወተት በሙሉ ቢሮዎ በር ላይ ሊደረድሩ ተስማምተዋል። ሁለት መቶ ሊትር ያህል ይሆናል። በርዎ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ እባክዎ ቀስ ብለው ይክፈቱት።