በተሸናፊው ሊቀመንበር ድንኳን ስላለቀሰች እናቴ

ግንቦት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለከፍተኛው ሊቀመንበር ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በምርጫ የተሸነፉት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ያለ ሥልጣናቸው እናቴን ስለማሰራቸው

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፦

1. አመልካች እፀገነት አጽብሐ ከውቤ በረሃ ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን በአራት ኪሎ የሦስተኛ ዓመት የሂሳብ ተማሪ ነኝ። አቤቱታዬ ስለ እናቴ ስለ ወይዘሮ የሺዓለም ነው። እናቴ ከግንቦት 5 ቀን ጀምሮ ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ባለው ክፍል ታስራለች። ያሰሯት ጓድ ዓምደሚካኤል ናቸው። ጓድ ዓምደሚካኤል ለረጅም ዓመታት የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ በኋላም የሰፈሩ የፓርቲ ኃላፊ ነበሩ። እናቴን ባሰሩበት ቀን ግን ሊቀመንበር አልነበሩም። ግንቦት 3 ቀን፣ እሑድ፣ ሕዝቡ በአዳራሹ ተሰብስቦ እጁን አውጥቶ አውርዷቸዋል። ማኅተሙንና ቁልፉን እስከ ዛሬ አላስረከቡም። እናቴን የቆለፉባት በዚያ ባላስረከቡት ቁልፍ ነው።

2. በጥላቻ ጻፈች እንዳልባል፣ ከሽንፈታቸው በኋላ ሕዝቡ ስለ እርሳቸው የሚለውን ግራና ቀኙን አቀርባለሁ። ጥላቻዬን ግን አልደብቅም፤ አለኝ።

በዚያው እሑድ ከስብሰባው በኋላ በኅብረት ሱቁ የስኳር ሰልፍ ላይ ወይዘሮ ፈቲያ የተባሉ ጎረቤታችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “እናንተ ሆዬ! ቦኖውን ማን አስገባላችሁ? ቀማኛውን ከሰፈር ማን አባረረው? ነገ ሲመሽ ቦርሳችሁን ሲነጥቋችሁ ‘ዓምዴ የት አለህ’ ትላላችሁ!” ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ቦኖውን ያስገቡት እርሳቸው ናቸው። የማታውን የመሠረተ ትምህርት ክፍልም የከፈቱት እርሳቸው ናቸው፤ እናቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው እዚያ ነው። ከወይዘሮ ፈቲያ ኋላ የተሰለፈች ሴት ደግሞ፣ “ውኃውንማ ከፈቱልን እቴ። እንባችንን የዘጉትስ ማን ናቸው?” አለች። ዕለቱ ዳግም ትንሣኤ ስለነበር አንድ ደጋፊያቸው፣ “ተዉ፣ በዛሬው ቀን የወደቀ ይነሣል” ቢል፣ ከፊቱ የቆመ የጠጅ ቤት አሳላፊ፣ “የእሳቸው አይነሣም ጋሼ። ድንጋዩን ከውስጥ ሆነው ነው የገጠሙት” ብሎ ሰልፉን በሳቅ በትኖታል።

እንግዲህ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሏል። እኔ የቆምሁበት ወገን ግልጽ ነው።

3. በምርጫው ዕለት በጓድ ዓምደሚካኤል አንጻር አቶ ኡመርን የጠቆምኩት እኔ ነኝ። አቶ ኡመር ከወሎ መጥተው ፒያሳ ላይ በልብስ ስፌት የኖሩ፣ በሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚታወቁ ሰው ናቸው። ጓድ ዓምደሚካኤል ከመድረኩ ላይ ሆነው ማን እጁን እንደሚያወጣ በዓይናቸው ይለቅሙ ነበር። መጀመሪያ የደፈሩት የጎናችን ጎረቤት ወይዘሮ ዘይቱና ናቸው። “በልኬ የሰፋልኝ ሰው ይምራኝ! የጠበበኝን ለብሼ ኖሬአለሁ” ብለው እጃቸውን አወጡ። ከዚያ ወዲያ እጅ እንደ ገብስ ማሳ ተነሣ። ጓድ ዓምደሚካኤል ያኔ እኔን ቢያስሩኝ ኖሮ ቢያንስ ምክንያት ነበራቸው። እኔን ትተው እናቴን ማሰራቸውን ነው ይቅር የማልላቸው።

4. የታሰረችበት “ወንጀል” የሚከተለው ነው።

ጓድ ዓምደሚካኤል እንደሚያሸንፉ ስላልተጠራጠሩ ቤተሰባቸው ቅዳሜ ከእድራችን ድንኳን ተውሶ በግቢያቸው ተከለ። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ። እሑድ ተሸነፉ። እንግዳ ቀረ። ድንኳኑን ለማውረድ ልብ ያገኘ ሰው በቤቱ ስላልነበረ እስከ ሰኞ ማለዳ እንደ ተተከለ አደረ። ባለቤታቸውና እህቶቻቸው ነጠላቸውን ተከናንበው፣ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ ያልተነካ ድግስ መካከል ተቀምጠው ነበር።

እናቴ ከጊዮርጊስ ስትመለስ በበሩ አለፈች። ዓይኗ በሞራ ተጋርዷል፤ መልክ አትለይም፣ ጥላና ቅርጽ ግን ታያለች። የእድራችንን ድንኳን አየች። ድንኳን ሥር ተከናንበው የተቀመጡ ሴቶች አየች። የድግሱን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅም እርሷ አታውቅም ነበር፤ በዚያ ግቢ ስለሚደረገው ነገር ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ሰው ጠይቃ አታውቅምና። ግቢው የማን እንደሆነ ግን ጠንቅቃ ታውቃለች። በሩ ላይ ትንሽ ቆመች አሉ። ከዚያ፣ “የጠላትም ሞት ይለቀሳል” ብላ ገባች።

በእድራችን ደንብ፣ ለቅሶ የቆመበትን ድንኳን አይቶ ያለፈ አባል ይቀጣል። እናቴ አባል ናት። ደንብ አክብራ ገባች።

5. ጓድ ሊቀመንበር፣ እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆኖብኛል።

ታላቅ ወንድሜ እምሩ በ1970 ዓ.ም. በሰፈራችን እርምጃ ከተወሰደባቸው ልጆች አንዱ ነው። ከቤት በጓሮ በኩል አውጥተው የወሰዱት ጓድ ዓምደሚካኤል ራሳቸው ናቸው። እኔ ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የያዙት ባትሪ ፊቴን እንዴት እንዳሞቀው አልረሳም። አስከሬኑን አልሰጡንም። ድንኳን እንዳይተከል፣ ጥቁር እንዳይለበስ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ከለከሉ። እናቴ ትራስ ነክሳ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን የሰው ለቅሶ አልፏት አያውቅም። የማታውቀው ሰው ቢሞትም ትሄዳለች። ልጅ ሳለሁ አፍርባት ነበር፤ “ያንቺ ባልሆነ ሬሳ ምን አደረሰሽ?” እላት ነበር። ያልተፈቀደላትን በሰው ድንኳን እየቆነጠረች ታለቅስ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ሰኞ ዕለት እዚያ ድንኳን ውስጥ ገብታ በወጉ ደረቷን መታች። ሟቹ ማን እንደሆነ ስላላወቀች፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ የራሷን ሟች ጠራች። “እምሩዬ! ያላለቀስኩልህ! አፈር የት እንደበላህ ያልነገሩኝ!” አለች። በጓድ ዓምደሚካኤል ግቢ፣ ከደጃቸው ፊት ለፊት፣ በሙሉ ድምፅ።

ወይዘሮ ዘይቱና በመንገድ ሲያልፉ ሰምተው ገቡ፤ የእርሳቸውም ልጅ በዚያው ዓመት ሄዷል። ከኋላቸው ሌላ እናት ገባች፣ ከዚያ ሌላ። የግቢው ሴቶች ማቆሚያው ጠፋቸው። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው እንዴት አድርጎ ውጣ ይሉታል? ጓድ ዓምደሚካኤል በፒጃማ ወጥተው፣ “እዚህ ቤት የሞተ የለም!” ብለው ጮኹ። በአጥሩ በኩል የተሰበሰቡት የአራዳ ልጆች ይህን ካገኙ አይለቁም። አንዱ፣ “ማን ሞቶ ነው?” ይላል። ሌላው፣ “ሹመት። ቀብሩ ትናንት በአዳራሹ ተፈጽሟል፤ ያልደረሳችሁ ዛሬ ድረሱ” ብሎ ይመልሳል። ይህን ያሉት እነርሱ ናቸው። ከእናቴ አፍ ከወንድሜ ስም በቀር አልወጣም።

6. በማግስቱ ማክሰኞ አብዮት ጠባቂዎች መጥተው እናቴን ወሰዷት። ክሱ “በተማሪ ልጇ ተልካ በአብዮቱ አመራር ላይ በሐሰተኛ ለቅሶ ማላገጥ” የሚል ነው። ጠባቂዎቹን፣ “ያዘዛችሁ ማን ነው?” ስላቸው አንደኛው፣ “ሊቀመንበሩ” አለኝ። “የትኛው?” አልኩት። መሬት መሬት አየ። በልማድ የሚታዘዝ ሰው ነው፤ በእርሱ አልፈርድም።

አልላክኋትም። እንደዚያ ያለ ነገር በአእምሮዬ ቢመጣልኝ ኖሮ እኔ ራሴ እሄድ ነበር፤ እናቴን ከፊት አላስቀድምም። ለቅሶዋም ሐሰተኛ አይደለም። በሩ ላይ ተሳስታለች፤ እቀበላለሁ። ከገባች በኋላ ግን አንዲትም ስሕተት አልሠራችም።

7. ባለፈው ቅዳሜ ጓድ ዓምደሚካኤል ሽማግሌ ላኩብኝ። የመጡት የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረሕይወት ናቸው። የመልእክቱ ፍሬ ነገር፣ እናቴ በስብሰባ ፊት “ተልኬ ነው፤ ይቅርታ” ካለች ትፈታለች የሚል ነበር። አቶ ገብረሕይወት ደግ ሰው ናቸው፤ ያሳደጉኝ ያህል ነው። “ልጄ፣ እናትሽን ይዘሽ ግቢ። የተሸነፈ ሰው እኮ ሐዘንተኛ ነው፣ እዘኝለት እንጂ” አሉኝ።

“አባባ፣ ሐዘንተኛ ከሆኑማ እናቴ ምን አጠፋች? ለሐዘንተኛ ቤት ነው የደረሰችው” አልኳቸው።

አቶ ገብረሕይወት መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። “አንቺ ልጅ ምላስሽ አንድ ቀን ያስገድልሻል” ብለው ሄዱ። እንደ እርግማን አልቆጠርኩትም፤ ፈርተውልኝ ነው።

8. ትናንት ነገሩ ተለወጠ። ምሳ ይዤ ስሄድ ያ ጠባቂ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ። አቤት ልል መሆኔ ተሰምቶ ኖሮ፣ “ይዘሻት ሂጂ ተብሏል፤ በጓሮ በኩል፣ ሳይታይ” አለኝ። እናቴ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇን ያዝኩ። እጇን መልሳ ወሰደች።

“በፊት ለፊት ነው ያስገቡኝ” አለች። “ያስገባኝ ሰው ይምጣና በፊት ለፊት ያውጣኝ። በጓሮ የወጣ ልጅ አለኝ፤ አልተመለሰም።”

ለመንኳት። በሽታዋን ቆጠርኩላት። “ሂጂ ተማሪ” ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ወጥቼ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ማንም አልከለከለኝም።

ስለዚህ ጓድ ሊቀመንበር፣ “እናቴ ትፈታልኝ” ብዬ አልለምንዎትም። በሩ ተከፍቷል። የምጠይቀው ይህን ነው፦

ሀ/ ማኅተሙና ቁልፉ ከጓድ ዓምደሚካኤል ኪስ ወጥተው በሕዝብ ፊት ለተመራጩ ለአቶ ኡመር ይሰጡ። በእጃቸው ይስጡ፤ ሰው አይላኩ።

ለ/ ጓድ ዓምደሚካኤል እናቴ ያለችበት ክፍል ድረስ ሄደው፣ ዓይኗ ተጋርዷልና ክንዷን ይዘው፣ በአዳራሹ የፊት በር፣ በቀን፣ ሰፈሩ እያየ ያውጧት። የሚወዷቸውም ይምጡ። ወይዘሮ ፈቲያም ከፊት ይቁሙ።

ሐ/ በቀበሌያችን ሂስና ግለ ሂስ የማይደረግበት ሰው የለም ሲሉን ኖረዋል። ተራው የእርሳቸው ነው። የድንኳን ተራ ለአባል ሁሉ እኩል ስለሆነ፣ እድሩ ድንኳኑን በግቢያቸው ይትከል። ጓድ ዓምደሚካኤል እንደ ሐዘን ባለቤት በር ላይ ይቁሙ። በ1970 ልጅ የሄደባት እናት ሁሉ ገብታ የልጇን ስም እየጠራች ታልቅስ። እርሳቸው ለእያንዳንዷ ጎንበስ ብለው፣ “እግዜር ይስጥልኝ፣ ብድር ይመልስ” ይበሉ፤ አንዲትም ሳያልፉ። ጠላ ይቀርባል እንጂ እርሳቸው አይቀመጡም።

ይህ በቀል ነው ቢባል አልክድም። አዎን፣ በቀል ነው። ደም የለበትም፣ ዱላ የለበትም፤ ለማንም ሐዘንተኛ የሚደረግ ወግ ነው። እርሳቸው ከከለከሉን የሚበልጥ ነገር አልጠየቅሁም። ይቅርታቸውንም አልፈልግም። ቢልኩት ደጃፌ ላይ ያድራል።

መ/ በመጨረሻ እናቴ ስትገባ አንድ ጥያቄ ትጠይቃቸዋለች። ቆመው ይመልሱላት። እምሩ የት እንደተቀበረ ያውቃሉ። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም። በምርጫ ቢሸነፉም፣ ቁልፉን ቢያስረክቡም፣ ይህን እስኪናገሩ ድረስ ከእኔ ጋር ጉዳያቸው አላለቀም። ዕድሜዬ ሃያ አንድ ነው፤ እርሳቸው ስልሳ ሊሞላቸው ነው። መጠበቅ እችላለሁ፤ እርሳቸው ግን ይቸኩሉ።

ጽሕፈት ቤቱ ልብ ካጣ እኔን ለማሰር የሚመጣ ሰው አይደናገር፦ ጠዋት ክፍል ነኝ፣ ከሰዓት በኋላ ምሳ ይዤ እናቴ ዘንድ ነኝ። የምደበቅበት ጓሮ የለኝም።

የጽሕፈት ቤቱን ፍርድ ቆሜ እየጠበቅሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
እፀገነት አጽብሐ

ግልባጭ፦
– ለተመራጩ ሊቀመንበር ለአቶ ኡመር
– ለእድራችን ዳኛ ለአቶ ገብረሕይወት
– ለጓድ ዓምደሚካኤል። ዛሬ ጠዋት በራሴ እጅ ሰጥቻቸዋለሁ። በር ላይ ቆመው እስከ ፊደል “መ” አነበቡ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። እምሩ የት እንደሆነ ያውቃሉ።