ስለ ዳናይት ሳንባ እኔን ለጠየቀው ክፍል

ለተከበሩ የደረት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ ከነቤተሰብዎ በጥሩ ጤንነት፣ ሁለቱም ሳንባዎችዎ ሞልተው እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ቂርቆስ ውስጥ ጎማ የምጠግን ጎሚስታ ነኝ፤ ሕክምና የተማርኩት ካዛንቺስ ካለው ሆስፒታላችሁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን እያነበብኩ ነው።

በ2004 ዓ.ም. የእህቴ ልጅ ዳናይት፣ ደምበል አጠገብ ጸሐፊ የሆነች የሃያ ስምንት ዓመት ሴት፣ ሳንባዋ ለሁለተኛ ጊዜ እንደ ጎማ ስለተነፈሰ እናንተ ዘንድ ተኛች። ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1. ሐኪምዎ እሷን አልጋዋ ላይ ትተው እኔን ወደ ኮሪደር ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ። ጋዜጣ እያነበበች ነበር። የታመመው ሳንባዋ እንጂ ጆሮዋ አለመሆኑን ላስታውሳቸው ጨዋነቴ አልፈቀደልኝም።

2. ሥራዬን ጠይቀው፣ ከደረቷ የወጣው ቱቦ የገባበትን ጠርሙስ በሙያዬ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። «እርስዎማ ያውቁታል፣ አረፋ ካለ አየር እየወጣ ነው» አሉኝ። ዶክተር እንደ ባልደረባው ሲያናግረኝ የመጀመሪያዬ ስለነበር ራሴን በኩራት ነቀነቅሁ። የሚያፈሰው ቦታ ተቆርጦ ወይ እንደ ቢሮ ስቴፕለር በሚያያይዝ ማሽን ወይ በእጅ ስፌት ይዘጋል፤ ማሽኑ ይፈጥናል፣ ስፌቱ በሚሰፋው ሰው እጅ ይወሰናል፤ የሚሻለውን ገና እያነጻጸርን ስለሆነ ይምረጡ አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቀዳዳ በእጄ የደፈንኩ ሰው ነኝና «በእጅ ይሁን» ብዬ ፈረምኩ።

3. ይህኛው በእኔ ላይ ነው፤ አቤት የምልበት ቢሮ ስላጣሁ ከእናንተው ጋር አስገባሁት። ስመለስ ዳናይት «ምን አሉ ጋሼ?» አለችኝ። «ወስነዋል፣ አንቺ ጸልዪ ብቻ» አልኳት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠርሙሱ አሥራ አንድ ቀን አረፋ ሲያወጣ፣ እጄን ይዛ «ሐኪሞቹ የመረጡት ነው፣ እነሱ ያውቃሉ» እያለች ታጽናናኝ ነበር። እኔም አፌን ዘግቼ ተጽናናሁ።

ድና ለመሥሪያ ቤቷ ማስረጃ ስትጠይቅ ፊርማዬን ከፋይሏ ውስጥ አገኘችው። አልተቆጣችም። «ሳንባው የማን ነው ጋሼ?» ብላ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እሑድ እሑድ ዛሬም ትጠይቀኛለች፤ ስለ ጤናዋ ሳነሳ ግን «ደህና ነኝ» ብላ ወሬ ትቀይራለች፤ ለቀጠሮም ብቻዋን ትሄዳለች።

ማሽኑ ይሻል ነበር አልልም፤ ሐኪምዎም ይህን ማወቅ አይቻልም ብለውኛል። ብቻ ስፌትና ማሽን ስታነጻጽሩ፣ ሕመምተኛዋ ተጠይቃ እንደነበር የሚጻፍበት አንድ መስመር ቅጻችሁ ላይ እንድትጨምሩ በትሕትና እለምናለሁ።

የተማረ ሰው ምክር ስለጠየቀው ራሱን የረሳ፣ የእህቱን ልጅ ቀና ብሎ ማየት ያቃተው፣

አክባሪዎ ሰመረ ገብረጻድቃን

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለእናንተ ከመላኬና ለጋዜጣም ከመስጠቴ በፊት ለዳናይት አስነብቤ ፈቃዷን ጠየቅሁ። አንብባ፣ ሁለት ቦታ ሰርዛ፣ «ይውጣ» እስክትል ድረስ ሰባት ደቂቃ ፈጀባት። ክፍላችሁ ሥራ እንደሚበዛበት ስለማውቅ፣ ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ሰባቱን ደቂቃ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ልጠብቅላችሁ ዝግጁ ነኝ።