በድርቅ ለሚፈተን ሩዝ ስለላኩልን የውሃ ቦቴ

ለክቡር የወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎም ማቀዝቀዣ የማይቋረጥ መብራት እመኛለሁ። እኛ የሳርናቶሊ ገበሬዎች ሰማይ እስከፈቀደው ድረስ ደኅና ነን።

አንደኛ፣ ስለ ውሃው ላመስግንዎ። እንደሚያስታውሱት ዲባካር ማህቶ የተባለው የዘር ተመራማሪ፣ እንደኛ ዝናብ ብቻ ጠብቆ ለሚዘራ ሰው ድርቅ የሚችል ሩዝ ለማግኘት ብዙ ዓይነት አዳቅሎ፣ ውሃ የማይቋጥረውን የላይኛውን መሬታችንን ለምኖን በየመደቡ ዘርቶት ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዝናብ ሲቀር ደካማው ይሞታል፣ ብርቱው ይቆማል፣ የቆመው ለዘር ይወሰዳል። በሽራቫን ወር፣ ሰማዩ መከፈት ሲገባው፣ ዝናቡ ጨርሶ ቀረ። የራሳችን ሩዝ እንደ ገለባ ደረቀ። ባለቤቴ ማንግራ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ማህቶ ግን ከመደብ መደብ እየሮጠ ቀጥ ብለው የቆሙትን ያሳየን፣ እንደ ሕፃንም ይስቅ ነበር። በሐዘናችን ላይ መሳቁን ይቅር አልነው፤ ለከርሞ የምንበላው እዚያ ቆሞ ታይቶናልና።

ከዋናው ከተማ ትልቅ እንግዳ እንደሚመጡ የሰሙት፣ የደረቀ ማሳ ማሳየትም ነውር ሆኖ የታየዎት ይኼኔ ነው። ቦቴው መጣ። ጉድጓዳችን ጭቃ ብቻ ቀርቶት ስለነበር እንስራና ባልዲ ይዘን ወጣን፤ ሾፌሩ ግን ውሃው የሩዙ እንጂ የሰው እንዳልሆነ፣ ትእዛዙም የእርስዎ እንደሆነ በትሕትና አስረዳን።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ቆራጥነትዎ ነው። ማህቶ ቦቴው ፊት ቆሞ ደወለልዎ፤ ፍሬ ሳይዝ፣ ፈተናው ሳያልቅ ሩዙ ውሃ ከጠጣ፣ ከቆሙት መካከል ብርቱውን ከደካማው መለየት እንደማይቻል እየነገረ ለመነዎት። አማቴ ቢርሲ ስልኩን ከእጁ ተቀብለው፣ «ጌታዬ፣ ጥም እንዲማር የላክነውን ልጅ ውሃ እያጠጣችሁ ምን ልታስተምሩት ነው? ለእኛ ስጡን፤ እኛ ጥሙን ተምረን ጨርሰናል» አሉዎ።

«እናቴ፣ እንግዳው ማየት የሚፈልጉት አረንጓዴ ነው» ብለው ዘጉባቸው።

ማህቶ ከመንገዱ ዞር አለ። እኛም ከመደቡ ጠርዝ የሞላውን ድፍርስ ውሃ በቅል ጨልፈን ለልጆቻችን በነጠላ ጨርቅ አጠለልን።

ሦስተኛው... ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ ምስጋና በዛብኝ። እንግዳው ሁሉንም አረንጓዴ ሆኖ አይተው አጨበጨቡ። የምርምር ጣቢያው ፈተናው ተበላሽቷል ብሎ ሥራውን ዘጋ፤ ጥፋቱም የማህቶ ሆኖ ወደ ሩቅ አገር ተዛወረ። ሊሰናበተን ሲመጣ የአማቴን እግር ነክቶ፣ «እማማ፣ ከነዚህ ውስጥ አንዱ ነበር። የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም» አላቸው።

አንዱ በውስጡ አለ ብለን የሁሉንም መደብ ፍሬ ቀላቅለን፣ ለዘር በቀርከሃ ቅርጫት ከጣሪያ ሰቀልነው። ማንግራ ወደ ጡብ ማምረቻ ሄደ፤ ወሬውም ጠፋ። ለክፉ ቀን የምንበላው፣ ደርቆ የተቀመጠው የማሁዋ ዛፍ አበባም አለቀ። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ ከምንጣፏ መነሳት ሲያቅታት ቅርጫቱን አወረድኩት። አማቴ እፍኝ እንኳ አስቀሪ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን እሳቱን ራሳቸው አነደዱ። ድርቅ የሚችለው የትኛው እንደነበረ ከእንግዲህ ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ግን እኩል በስሏል።

ለሹመትዎ ዕድገት እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

ሱሻንቲ ላክራ
ሳርናቶሊ፣ ጃርካንድ

ማስታወሻ፦ «ዘርን በቤት ውስጥ ጠብቆ ማቆየት» በሚል ርዕስ ለሚሰጡት ሥልጠና ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ። እኔም ወደ ጡቡ ሥራ ስለምሄድ መገኘት አልችልም፤ ምሳ የሚቀርብ ከሆነ ግን አማቴ ልጆቼን ይዘው በስሜ እንዲሠለጥኑ ይፍቀዱልኝ።