ቦይለሩ በማያስነጥስበት ቀን ስለተደረገው ልኬት

«በመደበኛ የሥራ ሁኔታ በተደረገ ልኬት ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ የሚወጣው ብናኝ ከተፈቀደው መጠን በታች ሆኖ ተገኝቷል። አልፎ አልፎ የሚታየው ጥቁር ጭስ ከጽዳት ሥራ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በልኬቱ አይካተትም። የአመልካቹ ባለቤት ሕመም ከማብሰያ ቤት ጭስ ሊመጣ ስለሚችል ቤተሰቡ የቤቱን አየር እንዲያሻሽል፣ ፋብሪካው በሚያጸዳበት ጊዜም መስኮቱን እንዲዘጋ ይመከራል።»
(ለአቤቱታዬ ከጽሕፈት ቤትዎ የተሰጠኝ መልስ፣ ቃል በቃል)

ለአየር ጥራት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም ሳንባዎ፣ እንደምን እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ነፋሱ ከሚነሣበት ወገን፣ ኮረብታው ላይ፣ የተሠራ በመሆኑ የምሰማው መልካም ዜና እንደሚሆን አልጠራጠርም።

እንደሚያውቁት ከቤታችን አጥር ጀርባ ያለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ዘመን ቦይለሩን የሚያነደው በድንጋይ ከሰል ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን በእርስዎ መልካም ፈቃድ ገለባና የበቆሎ ቆረቆንዳ ከከሰሉ ጋር እየቀላቀለ ማንደድ ጀመረ፤ እርስዎም «አረንጓዴ ተቋም» የሚል የምስክር ወረቀት በጭብጨባ ሰጡት። እኔ ኬሚስትሪ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ከሰል ጻድቅ ነው አልልም፤ ገለባ ማሳ ላይ በከንቱ ከሚጋይ በደንብ የሚያጣራ ምድጃ ውስጥ ቢነድ እንደሚሻልም አውቃለሁ። የጸብ ምንጭ የሆነብኝ «በደንብ የሚያጣራ» የምትለዋ ነገር ብቻ ናት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ «መደበኛ» ለሚለው ቃል ስለሰጡት አዲስ ትርጉም አመሰግናለሁ። ገለባ ሲነድ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ይተናል፤ ሲቀዘቅዝ ከፊሉ እንደ ሙጫ ቦይለሩ ቧንቧዎች ላይ ይጋገራል፣ ከፊሉም ዓይን የማያየው ደቃቅ ብናኝ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይወጣል። በከሰል ዘመን በቀን አንድ ጊዜ ይጸዱ የነበሩት ቧንቧዎች ገለባ ሲቀላቀል በየጥቂት ሰዓቱ በእንፋሎት ኃይል ካልተራገፉ አይሠሩም፤ የተራገፈውም ሁሉ እኛ ላይ ይወርዳል። ሠራተኞቹ ይህንን «ማስነጠስ» ይሉታል። እንግዲህ በቀን አራት አምስት ጊዜ የሚሆነው ነገር «አልፎ አልፎ» ሲባል፣ በመካከል ያለችው ፀጥታ ደግሞ «መደበኛ» ተባለች። በዚህ አካሄድ ሰካራምን ተኝቶ ሳለ መርምሮ የጨዋነት ምስክር ወረቀት መስጠት ይቻላል።

ባለሙያዎ ሊለኩ በመጡበት ቀን እኔም አጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። የፋብሪካው ጥበቃ አይቶኝ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ በከንቱ ነው የቆሙት፤ እንግዳ ስላለባት አታስነጥስም። ነገ ግን ልብስዎን ከገመድ ላይ ቀድመው ያንሡ» አለኝ። እውነትም ቦይለሩ እንግዳ ፊት እንደተቀመጠ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ዋለ። በማግስቱ ያጠራቀመውን ሲለቀው የጎረቤቶቼ ጣሪያ አንድ ዓይነት ቀለም ያዘ፤ ጥበቃውም ከቃሉ አልጎደለም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ይልቅ የአጥር ጥበቃ አስቀድሞ ትክክለኛ መረጃ የሰጠኝ ያን ቀን ነው።

ሁለተኛ፣ ብናኙን በሚዛን ብቻ ስለመለካትዎ። ጭስ ማውጫው ላይ የተገጠመው ማጣሪያ ሻካራውንና ከባዱን አመድ ይይዛል፤ ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቀው ደቃቁ ግን ሾልኮ ይወጣል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣም ከምንም አይቆጠርም። በዚህ ስሌት ክብደቱ ቀነሰ ብሎ መደሰት፣ የወባን አደጋ ለማወቅ ትንኞችን በኪሎ እንደመመዘን ነው። ተማሪዬ እንዲህ ያለ መልስ ቢጽፍልኝ ወላጁን አስጠራ ነበር፤ የእርስዎን ወላጅ ግን ለማስጠራት ሥልጣን የለኝም።

ሦስተኛ፣ ማብሰያ ቤታችንን ስለመጠርጠርዎ። ምግብ የምናበስለው በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። መርማሪዎ አንድ ቀን ደጃፋችንን ረግጠው ቢሆን ኖሮ ይህንን ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃቸው ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል እሰማ ነበር፤ ዳዋው የባለቤቴ ምድጃ ይሆናል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

አራተኛ፣ ስለ መስኮቱ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ የተቀመጠው መስኮቱ ሥር ነው፤ የቤቱ ብርሃን ያለው እዚያ ብቻ ነውና። ገለባው ይነድ በነበረበት ጊዜ ቦይለሩ ሲያስነጥስ ተነሥታ የተቆረጠውን ነጭ ጨርቅ በላስቲክ ትሸፍናለች፣ መስኮቱን ትዘጋለች፣ እርጥብ ፎጣም ክፍተቱ ላይ ትወትፋለች፤ ከዚያ የሚነፋ መድኃኒቷን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ተኝታ መተንፈስ ስላልቻለች ሌሊቱን የምታነጋው ትራስ ተደግፋ ነበር። ምክርዎን ሳነብላት፣ «ዘግቼ ልዋል እንዴ? ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በምን ዓይኔ ላስገባው?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁም ሳል ሆኖባት እስኪያልፍ ድረስ ጀርባዋን ደግፌ ቆየሁ።

«ታዲያ ለምን ሠፈር አትለውጥም?» እንዳይሉኝ፣ ቤቱን ለመሸጥ ሞክሬያለሁ። ሊገዛ የመጣው ሰው ጣቱን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳልፎ አየው፣ በመሐረቡ ጠረገው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎም ወጣ። በጽሕፈት ቤትዎ ታሪክ ውስጥ ከተደረጉት ልኬቶች ሁሉ አጭሩና ትክክለኛው ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የአምናው ገለባ ካለቀ ወዲህ ፋብሪካው ከሰል ብቻ ያነዳል። ባለቤቴም ቀስ በቀስ ጋደም ብላ መተኛት ጀምራለች፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሉ ቀሚስ ሳታቋርጥ ሰፍታ ጨረሰች። የኅዳር አጋማሽ ሲደርስ ግን የአዲሱ አዝመራ ገለባ በጭነት መኪና ይገባል። ሐኪሟ እሷን ወደ ውጭ ልከው ለእኔ ብቻ የነገሩኝ ቃል ይህ ነው፦ «አምና እንደሆነው አንድ ወቅት ከደገማት፣ እኔ የምጨምርላት ነገር የለኝም።»

ስለሆነም ደቃቁን ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ እስኪተከል ድረስ ገለባ ወደ ቦይለሩ እንዳይገባ እንዲያግዱ፤ ወደፊት የሚደረገው ልኬት ሳይነገር በድንገት፣ ማስነጠሱን ጨምሮ፣ ደቃቁም በቁጥሩ ተለይቶ እንዲከናወን፤ ውሳኔዎም በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም እስከ ኅዳር 10 ቀን ከሥራ ሰዓት ማብቂያ በፊት እንዲደርሰን እጠይቃለሁ። «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚለውን እንደ መልስ አልቆጥረውም።

መስኮት በመዝጋት ሳይንስ ላሳዩት ምጥቀት ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ አመዱንም አራግፌ፣ ለክቡርነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ከአጥሩ በዚህኛው ወገን የምኖር የኬሚስትሪ መምህር

ማሳሰቢያ፦ እስከ ኅዳር 10 ቀን የሚጻፈው መልስ ለእኔ ሳይሆን በባለቤቴ ስም ይሁን፤ የጉዳዩ ባለቤት እሷ ናትና ራሷ ከፍታ ማንበብ ትፈልጋለች። ከዚያ ቀን ካሳለፉት ግን በእኔ ስም ያድርጉት፤ ስሟን ከፖስታው ላይ ማንበብ የማልችልበት ጊዜ ሊሆን ይችላል።