ጭነቱ ተቋርጧል

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ፤ ከሰዓት 9፡30

ዛሬም መብራት ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ። ደብተሬ፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ብጽፍልሽ ታፍሪብኛለሽ።

ላፕቶፑ የጋሽ ሰይድ ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ድርግም። ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም የጫንኩለት እኔ የኮምፒውተር መምህሯ ነኝ። አሁን ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ልጫንለት እየታገልኩ ነው። ፓኬጅ ማኔጀሩን በአንድ መስመር አዝዘዋለሁ፣ እሱ ከኢንተርኔት አውርዶ ይጭናል። ቀላል ነበር። የመርሳ ከተማ መብራትና የስልኬ ኔትወርክ ተማክረው ባይሆን ኖሮ።

እንደ ልማዴ የወረደውን ሁሉ ደመሰስኩና ከዜሮ ጀመርኩ። ጎዶሎ ነገር አላምንም። ቤትም እንዲሁ ነኝ፤ የተሰጣ ልብስ ዝናብ ከነካው ሁሉንም እንደገና ነው የማጥበው።

ስለ ጋሽ ሰይድ ጽፌልሽ አላውቅም ለካ። የት/ቤታችን የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል። አምና የዓይን ግፊት ሁለቱንም ዓይናቸውን ወሰደባቸው። ዳይሬክተሩ እስከ ሰኞ ጠዋት ጊዜ ሰጥቷቸዋል፦ የመጀመሪያውን ፈተና ያለ ሌላ ሰው እጅ አዘጋጅተው ካመጡ ክፍላቸው የራሳቸው ነው፤ ካልሆነ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መቀመጥ። ሌላ ሰው የጻፈው ፈተና ሾልኮ ይወጣል ባይ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ልክም ነው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ጋሽ ሰይድ ተስፋ አልቆረጡም። መተየቡን ጣቴ ያውቀዋል፣ የጻፍኩትን የሚያነብልኝ ብቻ ፈልጊልኝ አሉኝ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ፤ 10፡00

ኔትወርክ የለም። መጣ። የለም። ወልድያ ሄጄ ላውርደው ብል ክፍለ ጊዜ አለብኝ። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ አጠፋሁት።

ጋሽ ሰይድ የግቢውን አጥር በእጃቸው እየዳበሱ ብቻቸውን መጡ። ደግሞ ከዜሮ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ፣ ቆጣ ብዬ። ሽማግሌ ሰው ላይ፣ ያውም አስተማሪዬ ላይ! ይቅርታ ስል በእጃቸው አየሩን መቱት፤ ተይው ለማለት። ከተማሪነቴ ጀምሮ የማውቀው ምልክታቸው ነው።

ሰኞ ደረሰ እኮ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፤ ከሰዓት 10፡40

ተመስገን! ቆይ፣ በሥርዓት ልጻፈው።

ጋሽ ሰይድ ከጁምዓ ሶላት መልስ መጡ፤ አጠገቤ ተቀመጡ። ማውረዱ አልቆ ጭነቱ ጀመረ። ደስ አለኝ። ወዲያው መብራት ሄደ። ሳልተነፍስ ቀረሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ፤ ኮምፒውተሩ ተነሳ፤ ትዕዛዙን ደገምኩ። አንድ መስመር እንግሊዝኛ ወረወረብኝ። ሁሌ የማውቀው መስመር ነው። በቃ ተበላሸ፣ ሊኑክሱን ራሱ ከፍላሽ እንደገና ልጫነው ብዬ ፍላሹን አወጣሁ።

ምን አለሽ አሉኝ። ስህተት ነው አልኳቸው።

«ስህተት መሆኑንማ ከትንፋሽሽ አውቄዋለሁ። ያለሽን አንብቢልኝ እንጂ።»

ማንበብ! ደብተሬ፣ ከኮሌጅ ጀምሮ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም። እንደ ተማሪ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጭነቱ ተቋርጧል ይላል። ለመጨረስ ይህን ትዕዛዝ ራስሽ ስጪ ይላል። ትዕዛዙም እዚያው ተጽፏል፣ ፊደል በፊደል።

ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ አሉኝ።

ጻፍኩት። መስመሮቹ ይወርዱ ጀመር፤ የቀረው ተራ በተራ እየተስተካከለ፣ የተጫነው ሳይነካ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስንት ዓመት ሙሉ መድኃኒቱን ፊቴ ላይ አድርጎ ሲያሳየኝ እኔ ስደመስስ! ባለ ዓይን ነኝ ደግሞ። ሳቅሁ፤ ትንሽም አለቀስኩ። ጋሽ ሰይድ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ቀጥለውም ተማሪ ሳለሽም ጥያቄውን ሳታነቢ መልሱን ትከብቢ ነበር አሉኝ። እውነት ነው።

አማርኛ የሚናገረው ድምፅ ለብቻው መውረድ አለበት። ጀመርኩት፤ ኔትወርኩ ጠፋ። አልነካሁትም። እጄን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፤ ጠዋት 4፡00

የጥበቃው ጋሽ አራጌ በዕረፍት ቀናቸው መጥተው ከፈቱልን። እግዜር ይስጣቸው።

ያንኑ ትዕዛዝ ሰጠሁ። ከመቶ አሥራ ስምንት ሜጋባይት ሠላሳ አንዱ ነው የሚቀርሽ አለኝ። የትናንቱ እንዳለ ተቀምጧል! ማን እንደሠራው አላውቅም፤ የትም ይሁን እጁ ይባረክ።

4፡50። ተናገረ። አማርኛው ጉድ ነው፤ ሁሉን እኩል ይረግጣል፣ ጥያቄ ሲሆን እንኳ አይነሳም። ጋሽ ሰይድ ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡና፣

«ወሎ ትንሽ ቢከርም ይስተካከላል» አሉ።

ተየቡ። ድምፁ አንድ ቃል አበላሽቶ አነበበ። ቆም አሉ፤ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ የሳቱትን ፊደል አጠፉ፣ አስተካከሉ። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። እንደገና አነበበ፤ ልክ። አቤት ፊታቸው! ከዓመት ወዲህ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

ከዚያ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሰኩና ውጪ አሉኝ። ፈተና ነው፣ ሰው አያይም። ከገዛ ክፍሌ ተባረርኩ። ከጋሽ አራጌ ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተባርሬ አላውቅም።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ፤ ጠዋት 2፡20

ፈተናውን ዳይሬክተሩ ራሱ አተመ። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበ። አንዱ ጥያቄ ላይ ፈገግ አለ። ለማንም አላሳየም። ክፍሉ የእርስዎ ነው አላቸው፤ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ።

እስከ ክፍላቸው ልደግፋቸው ተነሳሁ። አይሆንም አሉ። ልከተላቸው አሰብኩ፣ በሩቅ። አልሄድም ብዬ ወሰንኩ። እዚሁ ኮምፒውተር ክፍል ነኝ፤ ክፍላቸው ከጎኔ ነው። ግድግዳው ቺፑድ ነው፣ ሁሉም ይሰማል።

ከዘራቸው። በሩ። ወንበር ተንኳኳ፣ ልጆቹ ብድግ አሉ፣ በአንድ ድምፅ ሰላምታ ሰጡ። ከዚያ ዝም። ረዘመ። ኧረ ጌታዬ፣ ረዘመ።

ተቀመጡ አሏቸው። ከኋላ ያልተቀመጥከው፣ አንተም። እንዴት አወቁ? ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸውም እየሳቁ ነው። ደብተሬ፣ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። እየጻፉ ነው። ሳያዩ እየጻፉ ነው!