ቆጥ ላይ የወጡት ሸክላዎች

ለወንድሜ ለዘመኑ ዳኘው
ሞያሌ

ዘሜዋ፣ እንደምን ከረምክልኝ? የሞያሌ ፀሐይ አክስሎህ ይሆን? ባለቤትህ ፀደይስ፣ ያ የወገቧ ሕመም ለቀቃት? ንጋቴስ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች? አክስቷን ብታየኝ ትስቅ ይሆን ወይስ ታለቅስ? እኛ አምላክ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። «ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነን» ብዬ እንዳልዘጋው ግን ሆዴ አልችል አለኝ።

አስቀድሜ ልንገርህ፣ ሰው አልሞተም። እንደኔው ደንጋጣ ስለሆንክ ነው። ቢሆንም ቁጭ ብለህ አንብበው። ስልኬን የዘጋሁት ካርድ አጥቼ አይደለም፤ ፈርቼህ ነው። «የዘፈን ሸክላዎቼ ደኅና ናቸው ወይ?» ስትለኝ ድምፄ እንደሚያሳብቅብኝ አውቃለሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ሾፌሩ በላይነህ ነው፤ ሩዝ ጭኖ ወደናንተ ሊወርድ ነው። አደራህን ሰውዬው ላይ እንዳትጮህበት።

የርብ ወንዝ ዘንድሮ ሞልቶ ከጓሮ አልፎ ቤት ገባ። እኔና ባለቤቴ ካሴ ልጆቹንና ከብቱን ወደ ደረቁ ስናሸሽ ቤት የቀሩት አባባ ብቻ ነበሩ። ስንመለስ የዘር ሩዙ መሬት ላይ እንዳለ ርሷል። አልጋዬ ሥር ደብቄልህ የነበረው የሸክላ ሳጥን ግን ከምድጃው በላይ፣ ቆጥ ላይ ተሰቅሏል! እኔ እኮ ሳጥኑ መኖሩን አያውቁም ብዬ ነበር። «ይህን የሰይጣን ሰሀን ከቤቴ አውጣ» ብለው ያስኮረፉህ አባባ፣ የሰንበቴው ሙሴ፣ የዘፋኞችህን ሳጥን በዚያ በታመመ ጉልበታቸው መሰላል ላይ ተሸክመው ወጡ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሳቸው ግን የብብታቸውን ጥለው ያንተን ቆጥ ላይ አወጡ።

ምን ያደርጋል ታዲያ! እኛ የፎገራ ሰዎች ውሃ ሲመጣ ሌላ ምን እናውቃለን? ዘሩንም ልብሱንም ወደ ላይ ነው። ቤቱ ረጥቦ ስለነበር እሳቱን ቀንም ሌትም ሳናጠፋ ሰነበትን። ሸክላ ሙቀት እንደማይወድ ማን ነገረን? ሳወርዳቸው ግማሾቹ ጎብጠዋል፤ ዳራቸው እንደ ደረቀ የኮባ ቅጠል ተጠቅልሏል። ያቺ ከይፋግ፣ ጠጅ ቤቷን ከዘጋችው ሴትዮ በበግ የለወጥካት፣ ባለ ቀጭን ድምፅዋ ሸክላም ከጎበጡት ውስጥ ናት። ወይኔ ወንድሜን፣ እንዴት ነበር የምትሳሳላት!

አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ ሸክላዎቹን በነጠላቸው እየጠቀለሉ በወፍጮ ድንጋይ ይጫኗቸዋል፤ ደግሞ አንስተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀንተው እንደሆነ ያያሉ። መቼ ይቀኑና! ፍልሰታ ተፈትቶ እንኳ እህል በወጉ አልቀምስ ብለውኛል። ጠዋት ጠዋት «ነገርሽው ወይ?» ይሉኛል። «‹ሆን ብለው ነው ያበላሹብኝ› ነው የሚለው፣ አያምነኝም» ይላሉ። እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። ኩርፊያችሁ አሁን ከጠነከረ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ማን ያስታርቃችኋል?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማጫወቻውን አምጪ አሉኝ፤ የተረፉትን ሊለዩ ነው። «ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ዝጊው» አሉ ደግሞ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ሁሉንም አንድ በአንድ ሰሙ። የይፋጓ ስትደርስ መርፌው እንደ ታንኳ ከፍ ዝቅ አለ፤ ድምፅዋ ይሰጥማል፣ ይወጣል። ድንገት እጄን ጨምድደው ያዙኝ። «ይህ እኮ እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሩዝ ስታርም ታንጎራጉረው የነበረው ነው። መዝሙር ነው ብላኝ ነበር!» አሉ። ሳቁ፣ ሳቁና ፊታቸውን በጋቢው ሸፈኑ። ዘሜ፣ አንተ ይህን ታውቅ ነበር? ለዚህ ነበር ሸክላ ፍለጋ ያን ሁሉ አገር የዞርከው? ምነው አንድ ቀን እንኳ ብትነግረን?

እንግዲህ ቁጣ ካለህ ለኔ ይሁን፤ እኔ እችለዋለሁ። ለሳቸው ግን ደውልላቸው። ስልኬን ከፍቼዋለሁ፤ በጠራ ቁጥር ቀድመውኝ ይነሳሉ።

ካሴ ለመስቀል በግ እንዳትገዛ፣ የኛው ወፍሯል ብሎሃል። ልጄ ፍሬህይወት አጎቴን ሳሚልኝ ትላለች። እትዬ ማናዬ ጉልበትህን ስማለች፤ ዘፈኑንም ግድግዳ ለግድግዳ ስትሰማ ውላለች፣ በር ቢዘጋ ምን ሊረባ! ፀደይን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ፤ ንጋቴን አገላብጠህ ሳምልኝ።

አባባ አሁን አጠገቤ ተቀምጠው «ጻፊ» ይሉኛል። ሰላምታቸው እንዲህ ነው፦ «ዘመኑ ልጄ፣ ለመስቀል መጥተህ የዳኑትን ውሰድ። ያቺን የጎበጠችውን ግን፣ ፈቃድህ ከሆነ፣ ለኔ ተዋት።»

እህትህ አገኘሁሽ ዳኘው
ወረታ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.